የቼዝ ኢንጂን ቁጥር ለሰው ምን ማለት ነው? ጨዋታዎን የሚመረምሩበት መንገድ

ኮምፒውተር ይበልጣል ወይስ ሰው የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3½ ለ2½ የረታው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ይመረምር ነበር። በ2006 ደግሞ ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ በተባለው ፕሮግራም 4 ለ2 ተሸነፈ። ዛሬ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫነው ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) ከሁለቱም ፕሮግራሞች ይበረታል። ብርታቱ ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ማን እንደሚበልጥ የሚገምትበትን ቁጥር ማንበብ ሲታወቅበት ነው።

ጨዋታው እንዳለቀ ኢንጂኑን አይክፈቱ። መጀመሪያ ብቻዎን ይድገሙትና የተጠራጠሩባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች፣ ያኔ ካሰቡት እርምጃ ጋር ይጻፉ። ይህን የዘለለ ሰው መልሱን ሲያይ «እኔም አስቤው ነበር» ማለቱ አይቀርም።

ቀጥሎ ኢንጂኑ የሚያሳየውን የአማራጭ መስመር (የእርምጃዎች ቅደም ተከተል) ብዛት 3 ያድርጉ፤ ጥልቀቱም፣ ማለትም ወደፊት አርቆ የሚያሰላበት መጠን፣ 20 እስኪያልፍ ይታገሡ። ከዚያ በፊት የሚታየው ቁጥር ይዋልላል። ቁጥሩ በአንድ እርምጃ ከ1 በላይ ከወረደበት ቦታ ይጀምሩ። የ0.2 ልዩነት ላይ ጊዜ ማጥፋት ለአብዛኛው ተጫዋች ከንቱ ድካም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ትርጉሙ ላይ ነው። ድሮ +1.00 ሲባል ነጭ የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ አለው ማለት ነበር። ከስቶክፊሽ ስሪት 15.1 ወዲህ ግን ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር ቢጫወት ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ሆኗል። «ከራሱ ጋር» የምትለዋን ልብ ይበሉ። 0.00 ሲልም ሁለቱ ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ ይወጣሉ ማለቱ እንጂ ጨዋታው ለሁለቱም እኩል ቀላል ነው ማለቱ አይደለም። ተራው የጥቁር ሆኖ የመጀመሪያው መስመር 0.00፣ ሁለተኛው +4 ካሳየ ጥቁር ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ የሚያድነው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በተከታታይ አራት አምስት ጊዜ ከመጣ ማንኛውም ግራንድማስተር ነጭን ይዞ መጫወት ይመርጣል። ሦስቱም መስመሮች ዜሮ አካባቢ ከሆኑ አቀማመጡ በእርግጥም የተረጋጋ ነው።

የተመከረው እርምጃ ለምን እንደሚሻል ካልገባዎት የራስዎን እርምጃ በሰሌዳው ላይ ተጫውተው ኢንጂኑ እንዴት እንደሚቀጣው ይመልከቱ። ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት እርምጃ ውስጥ ይገለጣል።

ወታደሮች ተቆላልፈው መግቢያ በሌለበት አቀማመጥ ኢንጂኑ +2 እያለ ሊቀጥል ይችላል፤ ሰው ግን ግንቡ እንደማይሰበር ቶሎ ያየዋል። መስመሩን አሥር እርምጃ ያህል ወደፊት ይግፉት፤ ቁጥሩ ካላደገ አይመኑት። ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች ሲቀሩ ደግሞ ግምቱን ትተው የሲዚጂ ሠንጠረዥን ይጠይቁ፤ ውጤቱ እዚያ አስቀድሞ ተሰልቷል።

ለልምምድ ደረጃው የተቀነሰ ኢንጂን አይመከርም፦ አሥር ድንቅ እርምጃ ይጫወትና በድንገት ፈረሱን በነፃ ይሰጣል፤ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ከሰዎች ጨዋታ የተማረው ማያ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ይሻላል፤ ስህተቶቹ ተቃዋሚዎ ሊሠራቸው የሚችሉ ዓይነት ናቸው።