ጎጃም ውስጥ ዋሻ ስንገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሳይጠይቁ መግባት። ጎጃም ውስጥ ባለቤት የሌለው ዋሻ የለም ብላችሁ ተነሱ። አንዱ ውስጥ ባሕታዊ ይጸልያል። ሌላው ጠበል ነው። ሌላው ደግሞ እረኛ ዝናብ ሲመጣ ከብቱን የሚያስጠልልበት ነው። ገመድና ባትሪ ይዞ ገደል ለገደል የሚዞር እንግዳ ለገጠር ሰው ቅርስ ሌባ ወይም ወርቅ ፈላጊ ነው የሚመስለው፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ የደብሩን ቄስ ጠይቁ። መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑንም የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ጅብ የሚያድርበትን ዋሻ ግን ከእረኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ መወሰን። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ከላይ ያለው ጥቁር ባዛልት፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህን ድንጋይ ውሃ ቀስ እያለ ስለሚያሟሟው ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ዋሻ ይፈጠርበታል። ውሃው ደግሞ መንገዱን አይረሳም። እናንተ በረሃው ላይ ፀሐይ ሲጠብሳችሁ ደጋው ላይ ዶፍ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ የሚያልፍበትን ዋሻ ተዉት። በበጋም ቢሆን ከራስ በላይ ስንጥቅ ውስጥ የተሰነቀረ ጭራሮ ካያችሁ፣ ጎርፉ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ባዛልቱ ላይ ያለው አብዛኛው ዋሻ ጥልቀት የለውም። ችግሩ ከጣሪያው የሚለቀቅ ድንጋይ ነው፤ ሄልሜት አድርጉ።

በስልክ መብራት መተማመን። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ያስፈልጋል፤ አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር ይሁን። ከአራት ሰው ባታንሱ ጥሩ ነው። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ እርዳታ ይጠራሉ። የምትወጡበትን ሰዓት ውጭ ላለ ሰው ንገሩ።

«ጧፉ እየበራ ነው፣ አየሩ ደህና ነው» ማለት። ይሄ የብዙ ሰው እምነት ነው፣ ግን ያሞኛል። ጧፍ የሚጠፋው በዋናነት ኦክስጅን ሲያንስ ነው። ጎድጓዳ ቦታ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጧፉ እየበራም ሰው ይጥላል። ራሳችሁን ካመማችሁና ትንፋሽ ከበዛባችሁ ሳትከራከሩ ውጡ።

የሌሊት ወፍ ማወክ። የደረቀ ኩሳቸው ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ አብሮ ሊነሳ ይችላል። በ2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የታየው የማርበርግ ቫይረስም ተፈጥሯዊ መኖሪያው ዋሻ ውስጥ የሚያድር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ብዙ ካሉ ተመለሱ።

ስም መጻፍና ለማስታወሻ ብሎ ዕቃ መውሰድ። ከጣሪያ የተንጠለጠለው ድንጋይ አንድ ሴንቲ ሜትር ለማደግ መቶ ዓመት ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ለፎቶ ብሎ መስበር ነውር ነው። አጥንት፣ ብራና ወይም የሸክላ ስባሪ ካገኛችሁ ካለበት አታንሱት፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዛል። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ ማስታወቅ ይበቃል።