በባቡር ሄዶ ሞንት ብላንክን በእግር መዞር፦ ከጣቢያው እስከ ተራራው መጠለያ

መኪናውን ከተራራው ግርጌ አቁሞ የሄደ ሰው የግድ ወደ መኪናው መመለስ አለበት። በባቡር የመጣ ተጓዥ ግን በአንዱ ጣቢያ ወርዶ በሌላው መሳፈር ይችላል። ጉልበቱ እምቢ ቢለው ወይም ሰማዩ ቢከፋበት፣ ካርታውን አይቶ በአቅራቢያው ወዳለው ሐዲድ ይወርዳል። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ውስጥ ያለውን ሞንት ብላንክን በእግር ለመዞር ለሚያስብ ሰው ሁሉ ባቡርን የምመክረው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ያልፋል፤ ዳገቱ ሁሉ ቢደመር ወደ 10,000 ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው ሰው ከ7 እስከ 11 ቀን ይፈጅበታል። የጄኔቫው ተመራማሪ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ተራራውን የዞረው እ.ኤ.አ. በ1767 ነው፤ ባቡር በተራራው ግርጌ ወዳለችው የፈረንሳይ ከተማ ወደ ሻሞኒ የገባው ደግሞ በ1901። ዛሬም ያው መስመር በሸለቆው ውስጥ እየተጠማዘዘ መንደሮቹን ያገናኛል።

መጀመሪያ አልጋ፣ ከዚያ ትኬት

ብዙዎች ርካሽ የባቡር ትኬት ሲያዩ ቸኩለው ይገዙና አልጋ መፈለግ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። የተራራ መጠለያዎች አልጋቸው ውስን ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊቶች ከብዙ ወራት በፊት ይያዛሉ። አንድ ሌሊት ከመሀል ከጎደለ ደግሞ ዕቅዱ በሙሉ ይፈርሳል፤ ቀጣዩ መጠለያ የግማሽ ቀን መንገድ ሊርቅ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ያዘጋጁና ቀኑን፣ የሚያድሩበትን ቦታ፣ መጠለያው አረጋግጦ መልስ መስጠቱን በተርታ ይጻፉ። የመጨረሻው መስመር ሲሞላ የመግቢያና የመውጫ ቀንዎ ታወቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ ትኬት ይግዙ። በወረቀቱ ላይ አንድ ባዶ ቀን ይተዉ፤ ነጎድጓድና ዝናብ አንዱን ቀን ሊወስድብዎ ይችላል።

ወቅቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ወራቱን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሰኔ ከፍተኛዎቹ ማለፊያዎች ላይ ገና በረዶ አለ። እኔ የመስከረምን መጀመሪያ እመርጣለሁ። ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ጠዋቱ ጥርት ይላል። አንዳንድ መጠለያዎች በዚያ ሰሞን መዝጋት ስለሚጀምሩ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቪዛ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ሦስቱም አገሮች በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው፤ ያ ወረቀት እዚህም ይጠቅማል። ለቪዛው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ዋስትና ይጠየቃል። ዋስትናው የተራራ ነፍስ አድንንና ሄሊኮፕተርን መሸፈኑን ግን ራስዎ አንብበው ያረጋግጡ። በስዊዘርላንድ የሄሊኮፕተሩ ወጪ የሚወድቀው በተጎጂው ላይ ነው።

በየትኛው በኩል ልግባ?

ከፓሪስ የሚነሳ ሰው ጋር ደ ሊዮን ከሚባለው ጣቢያ በፈጣን ባቡር ወደ ቤልጋርድ ወይም ወደ አንሲ ይሄዳል። ከዚያ በክልል ባቡር ሳን ዠርቬ ለ ፋዬ ይደርስና ወደ ሻሞኒ በሚወጣው ትንሽ ባቡር ይሳፈራል። አብዛኛውን ቀን የሚወስድ ጉዞ ነው። በሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈ ደግሞ መጀመሪያ ከተማውን አቋርጦ ጋር ደ ሊዮን መድረስ አለበት፤ ይህን ጊዜ አሳንሰው አይገምቱ።

በጄኔቫ መግባት ይቀላል። አውሮፕላን ማረፊያው የራሱ የባቡር ጣቢያ አለው፤ ከዚያው ተሳፍረው በሎዛን በኩል ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማርቲኚ በምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ይወርዳሉ። ከማርቲኚ አንዱ መስመር በጥርሳማ ሐዲድ (የባቡሩ ጥርሳማ መንኮራኩር እየነከሰ በሚወጣበት) ገደሉን ወጥቶ በቫሎርሲን በኩል ሻሞኒ ይገባል። ሌላው ኦርሲዬር ያደርሳል፤ ከዚያ አውቶቡስ በእግር መንገዱ ላይ ወዳለችው መንደር ወደ ሻምፔ ይወጣል።

አብዛኛው ተጓዥ ከሻሞኒ አጠገብ ካለችው መንደር ከሌዙሽ ተነስቶ የሰዓትን አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል። በጄኔቫ ለሚመጣ ሰው ግን ከሻምፔ መጀመርን እመክራለሁ። የመጀመሪያው ቀን በቦቪን የግጦሽ መስክ በኩል ወደ ትሪያን ይወስዳል፤ ትከሻ ከቦርሳው ጋር እስኪላመድ የሚበቃ፣ ያልበዛ ዳገት ነው። ሻምፔ ላይ የተጨናነቀውን የሌዙሽን መነሻም አያገኙም።

ከትልቁ ባቡር ወደ ትንሹ

የፈጣኑ ባቡር ወንበር የግድ አስቀድሞ ይያዛል፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ እሱን ቀደም ብለው ይግዙ። የክልሉ ባቡር የወንበር ቁጥር የለውም፤ ለእርሱ መጣደፍ አያስፈልግም።

የመቀያየሪያ ጊዜን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። የጉዞ መተግበሪያዎች 10 ወይም 12 ደቂቃ ብቻ ያለውን ግንኙነት እንደ መልካም አማራጭ ያቀርባሉ። እኔም አንድ ጊዜ አምኜው ነበር። የመጀመሪያው ባቡር ሩብ ሰዓት ዘገየ፣ ያመለጠኝም የዕለቱ የመጨረሻ ወደ ተራራው የሚወጣ ባቡር ሆነ፤ የተከፈለበት አልጋዬ ባዶውን አደረ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ አንድ ሰዓት እተዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ሌላ ባቡር መኖሩንም ሳላይ ትኬት አልቆርጥም። በመስመሩ ላይ የጥገና ሥራ ሲኖር አውቶቡስ ስለሚተካው፣ ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ቀን እንደገና ይመልከቱ።

ሳን ዠርቬ ስትደርሱ ትልቁ ባቡር ጉዞውን ይጨርሳል። የሻሞኒው ባቡር እዚያው በሌላ መድረክ ላይ ይጠብቃል። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ። ከጎኑ መሬት ላይ የተዘረጋው ሦስተኛ ብረት የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያስተላልፍ ማንም ቢሆን በአቋራጭ ሐዲዱን አይርገጥ። ወደ ሻሞኒ ሲወጡ በስተቀኝ ባለው መስኮት ይቀመጡ። ባቡሩ እንደ ሌሎቹ ተራራ ወጪዎች ጥርስ ሳይኖረው፣ በየ100 ሜትሩ እስከ 9 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ይወጣል። ጥዶቹ መስታወቱን እየታከኩ ያልፋሉ፤ ከዚያ ድንገት ዛፉ ይከፈትና በረዶ የለበሰው ግንብ ሰማዩን ሞልቶ ይታያል። ከ4,800 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ከባቡር ወንበር ላይ አንገትን ቀና ያስደርጋል።

በደረሱበት ቀን መራመድ አይጀምሩ። ሸለቆው ውስጥ አድረው በማለዳ ይነሱ።

ቦርሳው

ከ10 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። መጠለያዎቹ ብርድ ልብስና እራት ስለሚሰጡ ወፍራም የመኝታ ከረጢት አያስፈልግም፤ ከጥጥ ወይም ከሐር የተሰፋ ቀጭን የአንሶላ ከረጢት ግን ይጠየቃል። ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ ለውስጥ ቀላል ነጠላ ጫማ ይያዙ። ዩሮም የስዊስ ፍራንክም በጥሬው ይኑርዎት፤ ከፍታ ላይ የካርድ ማሽን ሁልጊዜ አይሠራም።

ለባቡሩ ሲባል ምርኩዞቹን አጥፈው ውስጥ ያስገቡ፣ የተንጠለጠለውን ማሰሪያ ሁሉ ይጠቅልሉ። በፈረንሳይ ባቡሮች ሻንጣ ላይ ስም መለጠፍ ግዴታ ነው። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና የዝናብ ልብስ ከላይ ይሁኑ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ በአውሮፕላን አይጫንም፤ የሚያስፈልግ ከሆነ እዚያው ይገዛል።

መውጫዎቹን ካርታው ላይ ማክበብ

ከመነሳትዎ በፊት ካርታ ዘርግተው ወደ ሐዲድ የሚወርዱባቸውን ቦታዎች በእስክሪብቶ ያክብቡ። ሌዙሽ ራሱ ጣቢያ አለው። ከትሬ ለ ሻን በታች የሞንሮክ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ከሌ ኮንታሚን አውቶቡስ ወደ ሳን ዠርቬ ይወርዳል፤ ከላ ፉሊና ከሻምፔ ወደ ኦርሲዬር። በጣሊያን በኩል ያለው ኩርማየር ግን ባቡር የለውም። ከዚያ የሚወጡት በ1965 በተከፈተው የሞንት ብላንክ ዋሻ በሚያልፍ አውቶቡስ ነው፤ ዋሻው በመኸር ወራት ለጥገና ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ። በሦስቱም አገሮች የአደጋ ስልኩ 112 ነው።

የመጨረሻውን የእግር ቀንና የመመለሻውን ፈጣን ባቡር በአንድ ቀን አያድርጉ። ሸለቆው ውስጥ አንድ ሌሊት ይደሩ፣ ጫማዎን መስኮት ላይ ያድርቁ፣ ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ይውረዱ። በመመለሻው ተራራው በግራ በኩል ነው።