አሮጌ የኦርጋን ስፒከር «እምምም» ሲል

ባለፈው ክረምት አንድ የእንጨት ሳጥን ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ያለችው ጠባብ ሱቄ ደረሰ። ሌዝሊ 122 ነው። ላይ የሚሽከረከር ቀንድ፣ ታች የሚሽከረከር ከበሮ ያለው፣ የድሮ ኦርጋን ስፒከር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ተጫዋች ናቸው።

«ልጄ፣ እምምም የሚለውን አጥፍቼው ነበር። አሁን ደግሞ ፔዳሉን በባዶ እግሬ ስረግጥ ይነዝረኛል።»

ሌዝሊ 122 ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ ስፒና የለውም። ኤሌክትሪኩም ድምፁም በባለ 6 እግር ገመድ ነው የሚደርሱት። እሳቸው ኪቦርዳቸውን የሚያገናኙት በአንድ የብረት ፔዳል ነው፤ ስፒናው ያለው እዚያ ላይ ነው። ፈታሁት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ኧርዝ፣ ከሥሩ ተቆርጧል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ! ስቆርጠው ጸጥ አለ።»

መልቲሜትሬን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) ከፔዳሉ ብረት ወደ ኧርዝ አደረግኩ። 96 ቮልት። ይሄኔ ነው የደነገጥኩት። ኧርዝ ሲቆረጥ ጉምጉምታው የሚጠፋው ችግሩ ስለተፈታ አይደለም፤ ዙሩ ስለተበጠሰ ነው። የሰውየው እግር ግን የኧርዙን ቦታ ይይዛል።

ዙር ያልኩት እንዲህ ነው። ኪቦርዱ አንድ ገመድ ወደ ፔዳሉ፣ ሌላ ወደ ሚክሰሩ ይልካል። ፔዳሉ በአንዱ ግድግዳ ኧርዝ ሆኗል፣ ሚክሰሩ በሌላው። የጃክ ገመዱ (የድምፅ ገመዱ) መሸፈኛ ሽቦ ሁለቱን ኧርዞች ያገናኛል። በመሃል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ እሱ ነው የሚያጉረመርመው።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሯችሁን ተጠቀሙ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቤዝ ጊታር ካለ ወፍራሙን ገመድ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ምቱ፤ የሶል ኖታ ነው፣ 49 ኸርዝ። ጉምጉምታው ከሱ ጋር ከገጠመ ኧርዙን ወይም የጃክ ገመዱን ጠርጥሩ። ከቀጭኑ ገመድ ጋር፣ ሳይያዝ ሲመታ ከሚሰጠው ሶል ጋር ከገጠመ ደግሞ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቁ ካፓሲተሮች (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ናቸው።

ዙር ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ሶኬቱ የእውነት ኧርዝ ያለው ይሁን። ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። ካልሆነ ከኪቦርድ ወደ ሚክሰር በሚሄደው ገመድ መሃል ዲአይ ቦክስ (የድምፅ ገመድ የሚያልፍባት ትንሽ ሳጥን) አስገቡና ግራውንድ ሊፍት የምትለዋን ማብሪያ ተጫኑ። እሷ የምትለየው የድምፁን ገመድ ነው፣ የመብራቱን ኧርዝ አትነካም።

አሁን ስለ ትራንስፎርመሩ። ይሄ ሳጥን የአሜሪካ ነው፣ 117 ቮልት ነው የሚፈልገው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ 220 ወደ 110 ብዙ ጊዜ መውጫው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ኧርዙ እዚያ ይቀራል። የጋሼም እንዲያው ነበር። ኧርዝ የሚያሳልፍ ገዝተን ሽቦውን መለስኩት። ከስፒናው ኧርዝ እስከ ፔዳሉ ብረት ለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። (ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የ60 ኸርዝ ሞተር እኛ ጋር ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞራል።)

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንድ ቤት ሽቦ ዘርጊው ሶኬት ውስጥ ኒውትራሉን (የመመለሻ ሽቦውን) ከኧርዝ ጋር አጣምሮት ታገኛላችሁ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የዕቃው ብረት በሙሉ እንደ ፌዝ (የሚነዝረው ሽቦ) ይሆናል። እንዲህ ያለ ሶኬት ላይ ምንም አትሰኩ።

ካፓሲተር ለመቀየር የምትከፍቱ ከሆነ፣ ውስጡ 400 ቮልት አካባቢ አለ፣ ስፒናው ተነቅሎም ይቆያል። 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ይዛችሁ ጥቂት ሰከንድ አፍስሱት፣ ከዚያ በመልቲሜትር አረጋግጡ። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። ቀጥሎ የሻሲውን (አምፕሊፋየሩ የተሠራበትን ብረት) ብሎኖች እዩ። የደሴ ጉም ብረት አያስተርፍም፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁና መልሳችሁ አጥብቁ። ቲዩብ (እንደ አምፖል ያለ የብርጭቆ ዕቃ) ያለውን አምፕሊፋየር ስፒከሩን ነቅላችሁ በፍጹም አታብሩ፣ ውስጡ ያለውን የድምፅ መውጫ ትራንስፎርመር ያቃጥላል።

የጋሼ ሳጥን ይሄ ሁሉ ተደርጎለት ትንሽ ያጉረመርም ነበር። ጆሮዬን ብጠጋው ከስፒከሩ አይደለም፣ ከሞተሩ ነው። አጥፍቼ የሞተሮቹን ስፒና ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ እንደገና ሳበራው ዝም አለ። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ደርቀው እንደ ድንጋይ ሆነዋል። ከመኪና ውስጠኛ ጎማ ቆርጬ ሠራሁላቸው።