ስዊች 2 ገዝቶ መሸጥ፦ ገንዘብ የሚበሉ ስህተቶች

የኒንቴንዶ የጌም ማጫወቻ ማሽን (ኮንሶል) ስዊች 2 በጁን 5 ቀን 2025 ገበያ ላይ ሲውል፣ የሶኒው ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 እንዴት እንደተቸበቸበ የሰማ ሁሉ ከሱቅ አፍሶ በእጥፍ ሊሸጥ ተሰለፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ። ያኔ ሶኒ ዕቃው አልነበረውም፤ እጥረቱ እስከ 2023 መባቻ ዘልቋል። ኒንቴንዶ ግን አስቀድሞ አከማችቶ ነበር። በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሸጠ፣ እስከ ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ 10.36 ሚሊዮን ደረሰ። «ዋጋው ይጨምራል» ብሎ አምስት ስድስት ሣጥን አልጋ ሥር የደበቀ ሰው ሱቁ ውስጥ እንደ ልብ ከሚገኝ ዕቃ ጋር ተወዳደረ።

ሳይደምሩ መግዛት

አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር። ጀማሪው «በ550 እሸጠዋለሁ፣ መቶ ዶላር አተርፋለሁ» ይላል። እስቲ እንደምረው። የሽያጭ ታክሱ 8 በመቶ በሆነበት ከተማ ዕቃው እጃችሁ የሚገባው በ485.99 ነው። የምትሸጡበት ድረ ገጽ 13 በመቶ ቢቆርጥ ከ550ው 71.50 ሄደ። ለካርቶንና ለፖስታ 20 በሉ። የሚቀራችሁ 458.50 ነው፤ ማለትም ደክማችሁ 27 ዶላር ከኪሳችሁ ጨመራችሁ። በዚህ ስሌት ወጪን ለመመለስ ብቻ 582 ዶላር ገደማ መሸጥ ያስፈልጋል፤ ያውም ገዢው «ተበላሽቶ ነው የደረሰኝ» ብሎ ካልመለሰው።

ያገለገለውን ኢንተርኔት ሳያገናኙ መግዛት

ይህ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ፈጣሪ ይወቀው፤ አሁንም ሰው ይበላበታል። ገዢው ካፌ ይቀመጣል። ኮንሶሉን ያበራል፣ ስክሪኑ ላይ ጭረት ይፈልጋል፣ ቁልፎቹን ይነካካል፣ አንድ ጌም ከፍቶ ሁለት ዙር ይነዳል፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ቤቱ ገብቶ ዋይፋይ ሲያገናኝ 2124-4508 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣበታል። ኒንቴንዶ ያንን ኮንሶል ከኦንላይን አገልግሎቱ አግዶታል ማለት ነው።

የታወቀው ምክንያት የቀድሞው ባለቤት የተቀዱ ጌሞችን የሚያጫውተውን ሚግ የሚባል ካርትሪጅ (ማሽኑ ላይ የሚሰካ የጌም ካርድ) ሰክቶበት መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ የታገደው ማሽኑ ነው፤ አካውንቱ አይደለም። አዲስ አካውንት ብትከፍቱ፣ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት እገዳው አይነሳም። ካርትሪጅ ያለ ኢንተርኔት ስለሚጫወት ደግሞ ካፌው ውስጥ ምንም እንከን አይታይም። «እዚህ ዋይፋይ የለም፣ ቸኩያለሁ» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ሻዩን ጨርሳችሁ ተነሱ።

የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና ኮንሶሉን አገናኙ። የራሳችሁን የኒንቴንዶ አካውንት አስገብታችሁ ኢሾፕን፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ያለውን የኒንቴንዶ ጌም መሸጫ፣ ክፈቱ። የዕቃዎቹ ዝርዝር ከመጣ ጥሩ ነው፤ የስህተት ቁጥሩ ከመጣ ለሻጩ መልሱለት። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየውን ሴሪያል ቁጥር ሣጥኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መቆጣጠሪያዎች (ጆይኮን) ነቅላችሁ መልሳችሁ ግጠሙ፤ መያዣቸው ማግኔት ስለሆነ ያለ ትግል ጠቅ ብለው መግባት አለባቸው። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ያገለገሉ ካርትሪጆችም ያው ጣጣ አላቸው። እያንዳንዱ ካርትሪጅ የራሱ መለያ አለው። ሻጩ ቀድቶ ኮፒውን እየተጫወተ ኦርጂናሉን ከሸጠላችሁ አንድ መለያ በሁለት ቦታ ይታያል፣ እገዳውም እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሽያጩን ማስታወቂያና የካርትሪጁን ፎቶ ለኒንቴንዶ አሳይቶ እገዳው የተነሳለት ገዢ አለ። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ።

የጃፓኑን እትም «ርካሽ» ብሎ ማግበስበስ

ጃፓን ውስጥ ሁለት ስዊች 2 ተሸጧል። አንዱ ሲወጣ 49,980 የን ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 350 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ሌላው 69,980 የን ሲሆን የሚገኘው ከኒንቴንዶ የራሱ ኦንላይን ሱቅ ብቻ ነበር። የ20,000 የኑ ልዩነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ርካሹ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ የሚቀበለውም ሀገሩ ጃፓን ተብሎ የተመዘገበ አካውንት ብቻ ነው። ስያሜው ራሱ «ጃፓንኛ፣ ለሀገር ውስጥ ብቻ» ይላል። የአሜሪካ አካውንት ላለው ልጅ ይህን መሸጥ ማለት ሣጥኑ በተከፈተ በሰዓቱ የሚመለስ ዕቃ መሸጥ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻላችሁ ዋጋውን አታነጻጽሩ።

«ማሪዮ ካርት አብሮ አለው»

በ499.99 ዶላር የተሸጠው ጥቅል ውስጥ ማሪዮ ካርት ወርልድ የመጣው በማውረጃ ኮድ ነው፤ ካርትሪጅ የለውም። ኮዱ አንዴ ከገባ የዚያ አካውንት ሆኖ ይቀራል። ያገለገለ ጥቅል «ከነጌሙ» ተብሎ 50 ዶላር ሲጨመርበት የምትከፍሉት ለባዶ ሣጥን ነው። ከዚህ የሚለየው ሽፋኑ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለበት ካርድ ነው። እሱ ጌሙን በውስጡ ባይዝም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢው ግን ጌሙን አውርዶ ማሽኑ ላይ መጫን ስለሚኖርበት ኢንተርኔትና ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያችሁ ላይ ይህን በግልጽ ጻፉት።

ከሱቅ በታች የሆነ የታሸገ ዕቃ

ስዊች 2 በወጣ በቀናት ውስጥ ኮሎራዶ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና 2,810 ኮንሶል ተሰርቋል፤ ግምቱ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። አሥር ሣጥን ደርድሮ «በ380 ውሰዱ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰኝ ነው።

ሻጩ የሚሠራቸው ስህተቶች

ሣጥኑን በስቴፕለር አትምቱ። አንድ የኒው ዮርክ ሱቅ በመጀመሪያው ቀን ደረሰኙን ሣጥኑ ላይ በስቴፕለር እየመታ ሰጥቶ፣ ሽቦው የኮንሶሎቹን ስክሪን ወጋው። ማሽኑ የተቀመጠው ከክዳኑ ሥር ስክሪኑ ወደ ላይ ሆኖ ነውና በመካከላቸው ካርቶን ብቻ ነው ያለው። ሲሸጥም በሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ፤ ቴፑን በቢላ የሚቀድ ገዢም ሞልቷል።

ስክሪኑ ላይ ያለችውን ስስ ፊልም «የፋብሪካ ላስቲክ ናት» ብላችሁ አትላጡ። መስታወቱ ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን የተለጠፈች ናትና እዚያው ትቆይ፤ መከላከያ ከፈለጋችሁ ከላይዋ ለጥፉ።

የአሮጌውን ስዊች ቻርጀር ከአዲሱ ዶክ (ማሽኑን ከቴሌቪዥን ጋር ከሚያገናኘው ማስቀመጫ) ጋር አብራችሁ አትሽጡ። አዲሱ ቻርጀር 60 ዋት ነው፣ አሮጌው 39፤ ቴሌቪዥን ላይ ምስል አይመጣም፣ ገዢውም ዶኩ ተበላሽቷል ይላችኋል። የኤችዲኤምአይ ኬብሉም የራሱ ይሁን።

«ሜሞሪ ካርድ በነፃ» እያሉ ተራ ማይክሮ ኤስዲ መጨመር ደግሞ ጠብ መግዛት ነው። ይህ ማሽን ጌም የሚያስቀምጠው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ በሚባለው ላይ ብቻ ነው፤ ከአሮጌው ካርድ የሚያነበው ፎቶና ቪዲዮ ነው።

ከመሸጣችሁ በፊት ከሲስተም ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፎርማቲንግ ኦፕሽንስ ገብታችሁ ውስጡን ሁሉ የሚያጠፋውን ኢኒሻላይዝ ኮንሶል የሚለውን ተጫኑ፤ ኢንተርኔት ተገናኝቶ ይሁን። የጌም ሴቭ (ጌሙ ላይ የደረሳችሁበት) የሚቀመጠው ማሽኑ ውስጥ እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም፤ ሳታስተላልፉ ካጠፋችሁት ሄደ።

ወደ ሀገር ቤት ሲላክ

ለአሜሪካው ቻርጀር ትራንስፎርመር አትግዙ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ችግሩ ጠፍጣፋው ሶኬት ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ አዳፕተር ይበቃዋል። ሊቲየም ባትሪ ስላለው መንገደኛው በእጅ ሻንጣው ይያዘው። ጊፍት ካርድ ከመላካችሁ በፊትም አካውንቱ በየትኛው ሀገር እንደተመዘገበ ጠይቁ፤ ከለንደን የተላከ የፓውንድ ካርድ በአሜሪካ አካውንት ላይ አይገባም።