የመኪናችሁ የውስጥ ፋን አልሰራ ሲል፦ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

ነሐሴ ላይ በጠዋት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ አራት ሰው። እንጦጦን ሳታልፉ የፊት መስታወቱ ጉም ለብሶ ነጭ ይሆናል። ሂተሩን ትከፍታላችሁ፤ ዝም። ጋቢና ያለው ሰው በሹራቡ እጅጌ ይጠርግላችኋል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይሸፈናል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ይህን ጠዋት አሳልፌዋለሁ። ስለዚህ የውስጥ ፋን የምቾት ጉዳይ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ከፍሬንና ከዝናብ መጥረጊያው እኩል ነው የማየው።

ያን ጊዜ መኪናውን ያየልኝ ሰው «የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል» አለኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ፤ ተገጠመ፤ አሁንም ዝም። ለካ የቀለጠው ሶኬቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ ሳልፈትሽ አልገዛም።

ሂተርም ኤሲም የሚጠቀሙት አንድ ፋን ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ጋቢና ከተቀመጠው ሰው እግር በላይ ያለ የ12 ቮልት ሞተር ነው። ሙቀቱ ከራዲያተር ውሃ፣ ቅዝቃዜው ከኤሲ ጋዝ ይመጣል። ወደ እናንተ የሚገፋው ግን ይኸው ፋን ነው። ምንም አየር ካልወጣ ጋዝ ማስሞላት ገንዘብ መጣል ነው። ጋራዥ ስትሄዱም «ፋኑ አይሰራም» ብቻ አትበሉ፤ የራዲያተሩን ፋን ሊፈትሹላችሁ ይችላሉ። «የውስጥ ፋን» በሏቸው።

መጀመሪያ ስሙት

የእጅ ፍሬን ያዙ። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፤ የመኪናውን ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ሬዲዮውን አጥፉ። ከዚያ የፋኑን ማዞሪያ ከ1 እስከ 4 በየቁጥሩ ትንሽ እየቆያችሁ አዙሩ። ግማሹን ምርመራ የሚጨርስላችሁ ይህ ነው።

4 ላይ ብቻ ከሰራ ሪዚስተሩ ሄዷል ማለት ነው። 1፣ 2 እና 3 ኃይሉን በሚቀንሰው ሪዚስተር በኩል ያልፋሉ፤ 4 ግን ቀጥታ ነው። በተቃራኒው 4 ብቻ እምቢ ካለ ሞተሩም ሪዚስተሩም ደህና ናቸው፤ ማዞሪያውን፣ ሽቦውን፣ ካለው ደግሞ የ4ን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ተጠራጠሩ። በሁሉም ዝም ካለ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሶኬት ወይም ሞተር ነው። ቆሞ የነበረው ፋን ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ድንገት ከተነሳ የሞተሩ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) አልቋል ወይም ሶኬቱ ላልቷል። ድምፁ እየተሰማ አየሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ፋኑን ተዉት፤ የውስጥ አየር ማጣሪያውን ክፈቱ።

ፊውዝና ሪሌ

አንዱ የፊውዝ ሳጥን ከመሪው በታች፣ ሌላው ኮፈኑ ስር ነው። ክዳኑ ላይ «ሂተር» ወይም የፋን ምልክት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 40 አምፔር ነው። ቁልፉን አጥፍታችሁ አውጡትና ብርሃን ላይ እዩት። ከተቆረጠ በዚያው አምፔር ቀይሩት። በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል አይሞከር፤ ፊውዙ ሊቃጠል ሲገባው ዳሽቦርዱ ይቃጠላል። አዲሱም ወዲያው ከተቆረጠ ወይ ሞተሩ ተጣብቋል፣ ወይ ሽቦ ከቦዲ ጋር ተነካክቷል። ሁለተኛ ፊውዝ አታባክኑ፤ ወደ ሞተሩ ሂዱ።

ሪሌውን ለመፈተሽ ከጎኑ ካለ አንድ ዓይነት ቁጥር ካለው ሪሌ ጋር አቀያይሩት። ፋኑ ከተነሳ መልሱን አግኝታችኋል።

ማጣሪያው ጋ ቆም በሉ

እኛ ዳር ያለን ሰዎች አቧራ እንበላለን። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ የትም ብትኖሩ ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ጥቂት ኮረኮንች ትነዳላችሁ። ያ አቧራ የሚያርፈው የጋቢናው መሳቢያ ኋላ ያለው ማጣሪያ ላይ ነው። በብዙ ቶዮታዎች መሳቢያውን ባዶ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ስትጫኑ ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላው ጠባብ የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ ክፈቱና ማጣሪያውን ሳቡ። የቀስቱን አቅጣጫ አስታውሱ። የቆዩ መኪኖች ላይ ማጣሪያ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

የጎረቤቴን ቪትዝ የከፈትን ቀን አልረሳውም። ጋሼ የመኪናው ፋን «ይንቋቋል» እያሉ ለወራት ታግሰውታል። ማጣሪያውን ስስበው መጀመሪያ የባህር ዛፍ ቅጠል ረገፈ። ቀጥሎ የጤፍ ገለባ፣ በእፍኝ። ከገለባው መሃል ከመቀመጫ ስፖንጅ የተነጨ ነገር ክብ ተደርጎ ተነጥፏል። አይጥ ጎጆ ሰርታበታለች። የቀረው ገለባ ፋኑ ውስጥ ገብቶ ሲዞር ነው የሚንቋቋው። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ትንሽ ውሃ ረጭታችሁ አንሱት። ደረቁን በአየር አትንፉት፤ የአይጥ ኩስ ብናኝ በሽታ ያመጣል።

ጥቁር የሆነ ማጣሪያ ይቀየር። ታጥቦ የሚመለስ ወረቀት የለም። በበጋ አቧራ የምትነዱ ከሆነ በየሁለትና ሦስት ወሩ ክፈቱና እዩት።

ሞተሩን መፈተሽ

ዳሽቦርድ ስር ስትገቡ ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽቦ አትንኩ፤ የኤርባግ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ኬብል ካያችሁ እዚያው አቁሙ፤ ከፍተኛ ቮልት ነው።

ቁልፉን አጥፉና ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለውን የሞተሩን ሶኬት ንቀሉ። መጀመሪያ በዓይን እዩት። የጠቆረ ፒን ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሶኬቱን ከነሽቦው ቁራጭ ግዙና አስቀጥሉት። አዲስ ሞተር በቀለጠ ሶኬት ላይ መግጠም የእኔን ስህተት መድገም ነው።

ሶኬቱ ንጹህ ከሆነ ቁልፉን ኦን፣ ፋኑን 4 ላይ አድርጉ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ሁለት ጫፎች ሁለቱ ፒኖች ላይ አሳርፉ። 12 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። እኔ ግን ከቴስተሩ ይልቅ የፍሬን መብራት አምፖል አምናለሁ። የተበላሸ መስመር ቴስተር ላይ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱ ፒኖች ላይ አምፖል ሲገናኝ ግን አምፖሉ ይደበዝዛል። አምፖሉ ቦግ ካለና ሞተሩ ካልዞረ ሞተሩ ነው። ከደበዘዘ ወይም ካልበራ መስመሩን ወደ ኋላ ተከተሉ፤ ኔጌቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረበትን ቦታ ዝገት እንዳለው እዩ።

ሞተር ከማውጣታችሁ በፊት ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩና ኦን ላይ እንዳለ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ጎኑን ምቱት። ከተነሳ ካርቦኑ አልቋል። ዛሬ ቤት ያደርሳችኋል፣ ነገ አይታመንም። ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ሦስት ብሎን ብቻ ነው። ስታወጡት በእጅ አዙሩት፤ በቀላሉ መዞር አለበት። ከከበደ ቦኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል።

ሪዚስተሩን ስትቀይሩ

ሪዚስተሩ ሞተሩ አጠገብ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይታሰራል። ጫፉ አየሩ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ የገባው በምክንያት ነው። በጣም ስለሚግል ራሱ ፋኑ ነው የሚያበርደው። ማጣሪያ ሲደፈን አየር ያጥረውና ይቃጠላል። ሞተር ሲከብድም ብዙ አምፔር ስለሚስብ ይቃጠላል። ስለዚህ ሪዚስተር የቀየራችሁ ቀን ማጣሪያውን እዩ፣ ሞተሩንም በእጅ አዙሩ። አለዚያ ብዙ ሳትቆዩ ትመለሳላችሁ።

አንዳንዶች ላዩ ላይ ያለችውን የሙቀት መከላከያ ፊውዝ በሽቦ ያገናኟታል። ይሰራል፤ ግን እሳት እንዳይነሳ የሚከላከለውን ነገር ነው ያነሱት። አትፍቀዱ።

ዲጂታል ኤሲ ያለው መኪና ላይ በሪዚስተሩ ቦታ ትራንዚስተር ያለው ሞጁል ሊሆን ይችላል። እሱን በሽቦ አቋርጦ መሞከር ኮምፒውተሩን ሊያበላሽ ስለሚችል ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።

ሁሉንም መልሳችሁ ስትገጥሙ ፋኑን 3 ላይ አድርጉና የመኪናውን ሞተር አስነስታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። እግረ መንገዳችሁን ሂተሩንም ኤሲውንም አብራችሁ ክፈቱ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጉ። ኤሲው እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሙቀቱ መስታወቱን ያደርቃል፤ ክረምት ላይ ጉም የሚጠፋው እንዲህ ነው። ከዚያ መኪናውን አጥፉና የፋኑን ሞተርም የሪዚስተሩንም ሶኬት በጣታችሁ ንኩ። ለብ ካለ ጥሩ ነው። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ፒኑ ልል ነውና መንገድ ሳትወጡ መልሳችሁ ፍቱት።