ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ያለ ፋይል ሲጠፋ የምትሰሯቸው ስህተቶች፣ እባካችሁ ተዉ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥገና ነው የምሰራው፣ "ፋይሌ ጠፋ" ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ከጠፋ በኋላ ምን ነካካህበት ብዬ ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ፋይሉን የሚገድለው መጥፋቱ ሳይሆን ከዛ በኋላ የተሰራበት ስራ ነው።

1. በጠፋበት ላይ መጻፍ። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩት! ዲሊት ወይም ኩዊክ ፎርማት ስታደርጉ የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ ነው እንጂ ዳታው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዛው ነው ያለው። ከደብረ ሲና አንድ ፎቶ አንሺ ልጅ የሰርግ ሜሞሪ በስህተት ፎርማት አደረገ፣ ያኔውኑ አውጥቶ ቢያመጣልኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገኝ ነበር፣ እሱ ግን በማግስቱ መልስ ስለነበረ እዛው ሜሞሪ ላይ ቪዲዮ ቀረጸበት። ካሜራ ደግሞ ፎርማት ከተደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቦታ ነው መጻፍ የሚጀምረው፣ ስለዚህ ፎቶሬክ የሚባለው የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አድሮ ያወጣው ኬክ ቆረሳውንና ጭፈራውን ነው፣ ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስማ ከቤት ስትወጣ ያለው በሙሉ ሄዷል። ያንን ማን መልሶ ያነሳዋል? ፋይል ሲጠፋ በቃ ንቀሉት፣ ካሜራውን አጥፉና ሜሞሪውን ኪሳችሁ ክተቱ። ሪከቨሪ ሶፍትዌሩንም እዛው ፍላሽ ላይ አትጫኑ፣ የተገኘውንም እዛው ሴቭ አታድርጉ፣ ሌላ ዲስክ ላይ።

2. ዊንዶውስ "ፎርማት ላድርገው?" ሲል እሺ ማለት። ካንስል! መብራት ሲሄድ ወይም ኮፒ ሳይጨርስ ሲነቀል የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚይዘው መዝገብ) ስለተበላሸ ነው እንዲህ የሚለው። በተለይ ኩዊክ የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ፎርማት ካደረጋችሁ ቪስታ ከሚባለው እትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ይጽፍበታል፣ እኔ ጋ ብትመጡም ምንም አላደርግላችሁም።

3. ሾርትከት ቫይረስ። የመመረቂያ ጽሁፍ ማስገቢያ ሲደርስ ተማሪዎች ፕሪንት ቤት ሰክተውት ሲመለስ ፍላሹ ውስጥ ሾርትከት ብቻ ያያሉ፣ ደንግጠው ፎርማት ያደርጉታል። የኔ ልጆች፣ ፋይሉ አልጠፋም እኮ፣ ተደብቆ ነው። ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ እዩ፣ 8 ጂቢው ላይ 5 ጂቢ ተይዟል ካለ ስራችሁ አለ። ሾርትከቱን አትክፈቱት፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሱ (ይቺን ሁሉም ይረሳታል)፣ ከዛ ዶክመንታችሁን ብቻ ኮፒ አድርጉ።

4. ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክን ደጋግሞ መሰካት። ያ ድምጽ ሄድ የሚባለው ዳታውን የሚያነበው ክፍል መስራት እንዳቃተው ነው የሚናገረው፣ በሰካችሁት ቁጥር ዳታው ያለበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል። ከፍታችሁም አትዩት። የመንዝ ሰዎች ደግሞ ይሄን እወቁ፣ ሄዱ ሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፣ ብዙ አምራቾችም እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ብቻ ነው አገልግሎት ላይ ይውላል የሚሉት። መሃል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ወዲያው ይበላሻል ማለት አይደለም፣ ግን አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህንም ሄድም የሌለው ዲስክ) ግዙ።

5. በርካሽ የሚሸጥ 2 ቴራ ፍላሽ። ውስጡ ትንሽ ነው፣ መጠኑን የሚዋሸው ቺፑ ነው። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) በሚባለው ትክክለኛ መጠኑን በሚፈትሽ ፕሮግራም ሞክሩት፣ ከመሙላታችሁ በፊት።

6. የስልክ ሜሞሪን "ኢንተርናል" ብሎ ፎርማት ማድረግ። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ በዚህ መንገድ የገባ ካርድ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ከሞተ ወይም ሪሴት ከተደረገ ካርዱ ደህና ሆኖ ፎቶው አይከፈትም።

7. አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ። ፍላሽ መውሰጃ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። ሌላው ቢቀር ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ጣሉት፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ በነጻ ይቀበላል፣ የመመረቂያ ጽሁፍ ደግሞ ጥቂት ሜጋ ነው፣ ፕሪንት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ላኩት።