ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚያመልጠን የአፍ ካንሰር ምርመራ

ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው ጥርሳችን ሲጠዘጥዘን ነው። የተቦረቦረው ይሞላል፣ የማይረባው ይነቀላል፣ ሂሳብ ከፍሎ ውልቅ። እዚያው ወንበር ላይ ግን አፍ ውስጥ ካንሰር የሚመስል ነገር መኖር አለመኖሩን ማሳየት ይቻላል። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ መርፌም የለውም።

«ካላመመኝ ምን አለብኝ?»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አዋዜ ሲነካው የሚያንገበግበው ትንሽ ቁስል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት፣ በአስር ቀን ራሱ ይድናል። ስለዚህ ቀን ይቁጠሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል ቢያምም ባያምም ይታይ።

«ምች ነው»
ከንፈር ላይ የወጣ ሁሉ ምች ይባልና ዳማከሴ ይቀባል። ምች ከሆነ በሁለት ሳምንት ግድም ይደርቃል። ካልደረቀ ዳማከሴውን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥርስ ብቻ አሳይቶ መነሳት
በደንብ የሚመረምር ሐኪም ምላስዎን በጎዝ (በስስ የሕክምና ጨርቅ) ይዞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳብ ያደርጋል። ከምላስ ስር በጣቱ ይዳብሳል፣ ጉንጭና ላንቃ ያያል፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ይፈልጋል። የምላስ ጎንና የምላስ ስር ካንሰሩ የሚያዘወትራቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን ካላደረገ «ዶክተር፣ ከምላሴ ስርም ይዩልኝ» ማለት ነውር የለውም። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ያውልቁት።

ሱስን መደበቅ
ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊቆጣ አይደለም። ሲጋራና መጠጥ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው በጣም ይጨምራል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ በየትኛው ጉንጭዎ እንደሚይዙት ይንገሩት፤ በዚያ በኩል ነጭ ምልክት ሊኖር ይችላል። ነጭ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ አይደንግጡ። ቀይ ምልክት ግን ከነጩ የበለጠ ያሳስባል። «እኔ ምንም ሱስ የለብኝም» የሚሉም ይታዩ፤ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ በማያጨሰውም ሰው ጉሮሮ ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል»
ይሄ ወሬ ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል! ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ቦታው ስለሚደነዝዝ አያሰቃይም፤ በሽታውንም አያሰራጭም።

ቀጠሮ መዝለል
አንዳንዴ ምላስን ያቆሰለው የተሰበረ ጥርስ ጫፍ ይሆናል። ሐኪሙ ሞርዶ ያለሰልሰውና «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ» ይላል። ተሽሎኛል ብለው አይቅሩ፤ ቁስሉ በትክክል መዳኑን አይቶ ማረጋገጥ ያለበት እሱ ነው።